ኔይዳ የነገ ገበያዋን የሸጠች ጊዜ

ከወታደር ሰፈሩ በር ወጥቶ በያድኪን መንገድ የሚያልፍ አየር ወለድ ሁሉ የኔይዳ ብሮድናክስን ልብስ ስፌት ቤት ያውቀዋል። ፌየትቪል በካርታ ላይ የሰሜን ካሮላይና ከተማ ናት፤ በእውነቱ ግን የሰፈሩ ከተማ ናት። ሰፈሩ ሲጠግብ ትጠግባለች፣ ሰፈሩ ሲፆም ትፆማለች። ኔይዳ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የማዕረግ ምልክት ትሰፋለች፣ ለክብር ልብስ ወገብ ታወጣለታለች። ማዕረግ ያገኘ ወታደር ከሚስቱ ቀጥሎ ምስራቹን የሚነግረው ለእሷ ነበር።

ራሷ የፓናማ ሰው ናት፤ የኮሎን ወደብ ልጅ። ሉሽየስ ብሮድናክስ የሚባል ረጅም፣ ቁጥብ የአላባማ ወታደር እዚያ ተመድቦ ሳለ ሠርግ ቤት ስትጨፍር አይቷት እዚያው ቀለጠ። "የወደደው እኔን አይደለም፣ ቀሚሴን ነው" ትላለች ሲጠይቋት፤ "ቀሚሱን የሰፋሁት ግን እኔ ስለሆንኩ ያው ነው።" ሉሽየስ በጡረታ ሲወጣ ከአውሮፕላን እየዘለለ የኖረው ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ልብስ ይተኩሳል። በሱቁ ውስጥ ወሬ የእሷ፣ ካውያ የእሱ ነው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ የኮሪያዋ ሚስስ ፒዮ ስፌት ቤት አለ። እሷም የወታደር ሚስት ነበረች፤ ባሏ ሞቶባታል። ሁለቱ ሴቶች ድሮ ወዳጆች ነበሩ። በኋላ የኔይዳ ደንበኛ የነበረች አንዲት የኮሎኔል ሚስት ማዶ ተሻገረች፤ ኔይዳ ደሟ ፈልቶ "የፒዮ ስፌት ሲስቁበት ይተረተራል" ብላ መንገድ ላይ ተናገረች። ነገሩ ማዶ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለው አያውቁም።

በዚያ ዓመት መከር መግቢያ ላይ የኔይዳ ሱቅ ሰው በሰው ሆነ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ይደርስ ነበር። ዱፍሬን፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ሚስ ኔይዳ፣ ሰልፍሽን ከደጄ አንሺልኝ ወይ ኪራይ ክፈይኝ" እያለ ይቀልዳል። ችግሩ አንድ ነበር። ወታደሮቹ ሁሉ ደረታቸው ላይ የሚሰፋ የስም ጥልፍ ይፈልጋሉ፤ ኔይዳ ደግሞ የጥልፍ መኪና የላትም። ስሞቹን ሌላ ከተማ ልካ አስጠልፋ እስኪመለሱ ድረስ ትዕግሥት ያጣው ወታደር ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው ሱቅ ይሄድባታል።

ጃሬል ፒኬት የገባው ያን ጊዜ ነው። ጃሬልን ኔይዳ ከልጅነቱ ታውቀዋለች። ገና ጢሙ ሳይወጣ ምልምል ሆኖ ሲመጣ የመጀመሪያ የክብር ልብሱን ከነሸሚዙ በዱቤ ያሳመረችለት እሷ ናት። ኋላ ከዝላይ ወርዶ ጀርባው ተጎዳና ከጦሩ ወጣ። አሁን ጥሩ ጫማ አድርጎ፣ ጥሩ ሽቶ ተቀብቶ፣ ለነጋዴ ገንዘብ እያፈላለገ ኮሚሽን ይበላል።

"ሚስ ኔይዳ፣ ይሄን ሁሉ ሰው በሁለት እጅዎ ሊጨርሱት ነው?"

"እግዜር የሰጠኝ ሁለት ነው። ትርፍ ካለህ አውሰኝ።"

"ከትርፍ እጅ የሚሻል አለኝ። የጥልፍ መኪና ልግዛልዎት?"

"አንተ? ያቺን የሸሚዝ ዱቤ መቼ ከፈልከኝና!"

ጃሬል ሳቀና ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነገሩን ዘረዘረላት። ኒው ዮርክ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሠላሳ ሺህ ዶላር አሁኑኑ ይሰጧታል። እነሱ ደግሞ ከባንክ ሂሳቧ በየሥራ ቀኑ ጠዋት ጠዋት እየቀነሱ አርባ ሁለት ሺህ እስኪሞላ ይወስዳሉ። ዋስ አያስፈልግ፣ ቤት ማስያዝ አያስፈልግ።

"ብድር ነው በለኛ" አለች።

"ብድርማ አይደለም። ሽያጭ ነው። የነገ ገበያዎን ዛሬ ይገዙዎታል።"

"ገበያው ቢጠፋስ?"

ጃሬል ወደ ሰልፉ ዞር ብሎ አየ። "ይሄ? ይሄ የሚጠፋ ይመስልዎታል? ያለፉትን ሦስት ወራት ሽያጭዎን ብልክላቸው ዓይናቸው ይፈጥጣል።"

ኋላ ኔይዳን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው። ታውቅ ነበር። ያድኪን መንገድ ላይ ያረጀ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ወታደር ልብስ ለማሰፋት ሲጋፋ ሻንጣውን እያሰረ ነው። ያ ሰልፍ የመሄጃ ሰልፍ ነበር። ያ ሽያጭ የመሰናበቻ ሽያጭ ነበር። ሆኖም የቤቷ ጣሪያ ያፈሳል፣ የእጇ አንጓ ሌሊት ይጠዘጥዛታል፣ ደግሞም ደንበኛ መመለስ ሰልችቷታል። ሰው የሚያውቀውን ነገር ለአንድ ቀን ብቻ አላውቅም ማለት ይችላል። "ወረቀቱን አምጣው" አለችው።

ለሉሽየስ መኪናውን ከሻጩ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ እንደወሰደችው ነገረችው። ሉሽየስ ካውያውን አቁሞ ትንሽ አያትና "ጥሩ ነው" አለ።

መኪናው መጣ። ስም ጽፈው ቁልፍ ሲጫኑት መርፌው እንደ ዝናብ እየወረደ ስሙን ጨርቁ ላይ ያወጣዋል። ወታደሮቹ ተሰብስበው እንደ ሕፃን ያዩት ነበር። በተረፈው ገንዘብ ጣሪያው ተጠገነ፣ ሱቁን ለማስፋት የጎን ክፍሉም ተከራየ። ጥቂት ሳምንታት ኔይዳ እየዘፈነች ሰፋች።

ከዚያ አንድ ማለዳ ስትመጣ መንገዱ ጭር ብሏል። ዱፍሬን ደጃፉ ላይ ባዶ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

"ሄዱ?" አለችው።

"ሌሊት ነው የበረሩት። ሙሉ ብርጌድ። እኔ አሁን የማንን ራስ ልላጭ? የአንቺን?"

ብርጌዱ ሄደ፤ ወሳጆቹ ግን አልሄዱም። በየጠዋቱ፣ ኔይዳ የሱቁን ቁልፍ ሳታዞር፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር ከሂሳቧ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ አንዲት መምህርት ቀሚሷን ልታሳጥር ትመጣለች፤ አንድ ሽማግሌ ዚፕ ያስቀይራል። ውላ የሰፋችው የወሰዱባትን ሲሶ አይሞላም። ኒው ዮርክ ደወለች። አንድ ወጣት ድምፅ አነሳ።

"ብርጌዱ ሄዷል" አለችው። "እስኪመለስ ቀንሱልኝ።"

"የምን ብርጌድ?"

"ወታደሩ ነዋ! ደንበኞቼ!"

"እመቤት፣ ሁሉም ደንበኛዎ አንድ ላይ ነው የሄደው እያሉኝ ነው?"

"አዎ። በአንድ ሌሊት። በአውሮፕላን።"

ልጁ ሳቁን ሲያፍን ተሰማት። ጉዳዩን ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ አለና ዘጋ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት መቶ ሰማንያው እንደተለመደው ወጣ።

የሉሽየስ ጡረታ የሚገባው እዚያው ሂሳብ ውስጥ ነው። ኔይዳ ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች፣ ማታ ፊቱን ስታይ ግን ሌላ ወሬ ታነሳለች። እንዲህ እያለች ሰነበተች። አንድ ከሰዓት ሉሽየስ የወሩን ቀለብ ሊገዛ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከመጋረጃው ኋላ አልገባም። የደንበኛ ወንበር ላይ፣ ከፊቷ ተቀመጠ።

"ካርዱ እምቢ አለ" አለ።

ኔይዳ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተወችው።

"ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር። ልጅቷ ደግማ ሞከረችው። ሦስተኛም ሞከረችው፤ አዘነችልኝ መሰለኝ። ጋሪውን እዚያው ትቼ ወጣሁ።" "ምንድን ነው ነገሩ ኔይዳ?" አላት።

ነገረችው። ሁሉንም፣ ከሰልፉ እስከ ኒው ዮርኩ ልጅ። ሉሽየስ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማ።

"ብድር አይደለም አሉሽ?"

"ሽያጭ ነው አሉ።"

"እኛ አገር አራጣ ነበር ስሙ። ከረባት አስረውለት መጡ ማለት ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ገንዘቡን ተዪው። ከአንቺ አፍ መስማት ሲገባኝ ከሱቅ ማሽን ሰማሁት።"

ኔይዳ ማልቀስ አማራት፤ አላለቀሰችም። ካለቀሰች እንደሚያባብላት ታውቃለች፤ መባበሉ ደግሞ አልተገባትም።

ሳምንት ሳይሞላ ጃሬል መጣ። እስከዚያ ስልኳን አያነሳም ነበር። አሁን ግን ፈገግታው እንዳለ ነው፤ ከዓይኑ ሥር ብቻ ጠቁሯል።

"መፍትሔ አግኝቻለሁ ሚስ ኔይዳ። ሌላ ቤት አለ። ሃያ ሺህ ይሰጥዎታል። በሱ የመጀመሪያውን እየከፈሉ ብርጌዱ እስኪመለስ ይተነፍሳሉ።"

"ጉድጓድ በጉድጓድ አፈር ልሙላ?"

"መተንፈሻ ነው የምልዎት። አሁን ይደውሉልዎታል፤ ለማረጋገጥ ነው። ጥሪው ይቀዳል። ሌላ ገንዘብ ሰጪ አለብዎት ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የለም ይበሉ። በቃ፣ አንዲት ቃል።"

ስልኩ ባንኮኒው ላይ ጮኸ። ጃሬል አነሳና ድምፁን ከፍ አድርጎ በመካከላቸው አስቀመጠው። ከመጋረጃው ኋላ የካውያው እንፋሎት ፍስስ ይላል፤ ሉሽየስ እየሰማ ነው።

"ይህ ጥሪ እየተቀዳ ነው" አለች የሴት ድምፅ። "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።"

"ኔይዳ ብሮድናክስ።"

"የንግዱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ንግዱን ለመዝጋት ወይም ለመሸጥ ሐሳብ አለዎት?"

"የለኝም።" ይህ እውነት ነበር።

"በአሁኑ ሰዓት ከሌላ ድርጅት በዚህ መልክ የወሰዱት ገንዘብ አለ?"

ጃሬል ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ የለም ይበሉ፣ የለም። በከንፈሩ ብቻ ቃሉን ሠራላት። ካውያው ዝም አለ። ኔይዳ የሱቋን ግድግዳ አየች፣ የጥልፍ መኪናውን አየች። አንዲት ቃል ናት። ጣሪያው፣ ኪራዩ፣ ባዶው ጋሪ፣ ሁሉም በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። አንዴ ዋሽታ ያተረፈችውን ግን በቤቷ እያየችው ነው።

"እመቤት? ይሰማዎታል?"

"አለ" አለች ኔይዳ። "አለብኝ። ገና ግማሹንም አልከፈልኩም። ደንበኞቼም የሉም።"

ሴትዮዋ "ስለ እውነተኛ ምላሽዎ እናመሰግናለን" ብላ ጥሪውን ዘጋች።

ጃሬል ባንኮኒውን በጡጫ መታው። የልብስ ቁልፎች ከጣሳቸው ዘለው ወለል ላይ ተበተኑ።

"ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ! አንዲት ቃል! አንዲት ቃል አቃተሽ? እኔንም ገደልሽኝ እኮ!"

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንቺ ብሏት አያውቅም። መጋረጃው ተገለጠ። ሉሽየስ ወጣ፤ ካውያውን በእጁ እንደያዘ ነው፣ ገመዱ ከኋላው ይጎተታል። አልጮኸም።

"ማንን ነው እንዲህ የምታናግረው?"

ጃሬል ካውያውን አየ፤ የሽማግሌውን ፊት አየ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ተናዘዘ። ኔይዳ ቶሎ ብላ መክፈል ካቆመች ኮሚሽኑን መልስ ይሉታል፤ እሱ ደግሞ በልቶታል። የመኪና ክፍያ አለበት፣ የልጅ ቀለብ አለበት። ሁለተኛውን የፈለገው የመጀመሪያውን ለማቆየት ነው።

"ታዲያ እኔን ልታስተነፍስ ነው ወይስ ራስህን?" አለችው።

ጃሬል ወደ በሩ አየ።

"ውጣ ልጄ። ሰው ሆነህ ስትመለስ ዱቤህን ትከፍለኛለህ።"

ጃሬል ወጣ። ሉሽየስ ካውያውን አስቀመጠና ጎንበስ ለማለት እየታገለ ቁልፎቹን ይለቅም ጀመር። "ተወው፣ ጉልበትህ" አለችው። "አብረን እንልቀመው" አላት። ከጋሪው ቀን ወዲህ አብረን ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ኔይዳ የባንክ ሂሳቡን ዘጋች፤ የሉሽየስም ጡረታ ሌላ ባንክ ሄደ። ኒው ዮርኮቹ እንደ ንብ ተነሡ። የካርድ ማሽኗ የሚቀበለውን እነሱ ያዙት፤ ለአከራይዋ ደወሉ፤ አንድ ቀን በዕቃዎቿ ሁሉ ላይ መብት አለን የሚል ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘች። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ስልክ ሲጮህ ሉሽየስ ያነሳል፣ "የለችም" ይላል፣ ይዘጋል። አከራዩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ጨዋነቱ ግን ወር አልዘለቀም።

በመጨረሻ ኔይዳ ፀጉሯን አስተካክላ መንገዱን ተሻገረች። ሚስስ ፒዮ ከመነጽሯ በላይ አየቻት።

"ተሳሳትሽ። ያንቺ ሱቅ ማዶ ነው።"

"አልተሳሳትኩም። የጥልፍ መኪናዬን ልሸጥልሽ ነው።"

"የምሰፋው ሲስቁበት ይተረተራል። በሱ ላይ ጥልፍ ምን ያደርግልኛል?"

ኔይዳ ያ ቃል ከነጥርሱ ሲመለስባት ዋጠችው። "ክፉ ቃል ነበር። ውሸትም ነበር። ቅናት ነው ያናገረኝ።"

ሚስስ ፒዮ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። "ስንት?"

ኔይዳ ነገረቻት። ሚስስ ፒዮ ግማሹን ጠራች። ኔይዳ ተነሣች። ሚስስ ፒዮ ትንሽ ጨመረች። ኔይዳ በሩ ጋ ደረሰች። እንዲህ ሲጓተቱ ቆይተው ሁለቱንም ደስ በማያሰኝ ዋጋ ተስማሙ።

"ግን ለአንቺ አልሰጥም" አለች ሚስስ ፒዮ። "በርሽ ላይ የተለጠፈውን አንብቤዋለሁ። መኪናው በዕዳ ታስሯል። ገንዘቡን ለእነሱ ነው የምልከው፤ ጨርሰናል፣ ለቀናል ብለው ሲፈርሙ። አንቺን ለማስደሰት ብዬ ሌባ አልባልም።"

ሉሽየስ ኒው ዮርክ ደወለ። ያለው ይሄ ነው፤ ካልበቃችሁ ኑና የዚፕ ሥራ እናስተምራችሁ አላቸው። አይሆንም አሉ፣ ፍርድ ቤት ቆመው እንደሚያገኟቸው ዛቱ። ሳምንቱ እንደ ዓመት ሄደ። ኔይዳ ማታ ማታ ሳህን ስታጥብ ድንገት ቆማ ትቀራለች። ከዚያ አንድ ሐሙስ ከኒው ዮርክ ሌላ ድምፅ ደወለ፤ የደከመው፣ የበሰለ ሰው። ጥቂት ጨምሩና እንልቀቃችሁ አለ። ሉሽየስ የሚነዳውን አሮጌ ፒክአፕ ሸጦ ጨመረ። ተፈረመ።

ሱቁ ግን አልተረፈም። የቀራትን ስፌት መኪናና የሉሽየስን መተኮሻ ጠረጴዛ እያጓጓዙ ማዶ ሚስስ ፒዮ ጋ ገቡ። "ወር በወር ኪራይ ትከፍያለሽ፣ ራዲዮ አትከፍቺም" አለች ሚስስ ፒዮ። ኔይዳ ኪራዩን ትከፍላለች፤ ራዲዮም ትከፍታለች። ጠዋት ሲጣሉ ሉሽየስ ከመጋረጃው ኋላ እንፋሎቱን ከፍ ያደርገዋል።

ብርጌዱ በጸደይ ተመለሰ። ወታደሮቹ የተዘጋውን ሱቅ ሲገፉ ቆይተው ድምፅዋን ከማዶ ሰምተው ይሻገሩ ጀመር። ሁሉም ከስተዋል። "ምን ነበር የሚያበሏችሁ?" እያለች በሱሪያቸው ወገብ ላይ ጣቷን አስገብታ ትለካለች። ሰልፉ እንደገና ከበሩ ወጣ።

ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ ጃሬል ክንዱ ሥር ወረቀት ይዞ ዱፍሬን ፀጉር ቤት ሲገባ በመስኮት አየችው። ስፌቱን አስቀምጣ ሮጠች። ዱፍሬን እስክሪብቶ ይዟል፤ ጃሬል አቀርቅሯል።

"ዱፍሬን፣ አትፈርም። እኔ ምን እንደሆንኩ አይተሃል።"

"አይቻለሁ ሚስ ኔይዳ" አለ ዱፍሬን በለሆሳስ። "የአንቺ ጨርቅ ነው፣ የኔ ግን ፀጉር ነው። ፀጉር ሁልጊዜ ይበቅላል። ደግሞ ገበያ ሲቀንስ እነሱም ቀንሰው ነው የሚወስዱት ብሎኛል ልጁ።"

"ብርጌዱ ሲሄድ የማንን ራስ ልላጭ ብለኸኝ ነበር እኮ!"

ዱፍሬን አላያትም። ፈረመ።

ኔይዳ ወደ ጃሬል ዞረች። ጃሬል ከኪሱ የተጣጠፈ ገንዘብ አውጥቶ ዘረጋላት። "የሸሚዙ ዱቤ ነው" አለ።

አልተቀበለችውም። መንገዱን ተሻግራ ስትመለስ እግሯ ከብዷት ነበር። ሚስስ ፒዮ ከመስኮቱ ሁሉንም አይታለች።

"አልሰማሽም አይደል?"

"አልሰማኝም።"

"ቁጭ በይ እሺ" አለች ሚስስ ፒዮ፣ ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋላት። "አንድ ሻምበል ሱሪውን ለዛሬ ማታ ነው የሚፈልገው፤ አሥር ጊዜ ጠይቆኛል።"

ኔይዳ ተቀመጠችና ክር ቆረጠች።